የጎንደሩ የአደን ታሪክ ጉብኝት፦ ገንዘቡ ይገባዋል?

በቀጥታ ልናገር፣ ይገባዋል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንዳንድ ነገር እወቁ።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ሞልቷል። አብዛኛው የሚነግራችሁ ያንኑ ነው። ፋሲል ከተማዋን በ1636 ቆረቆረ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ይሄ የዮሐንስ ነው፣ ያ የኢያሱ ነው፣ እዚህ ጋ ቁሙና ፎቶ ተነሱ። እኛ ያገኘነው ወጣት ግን ጉብኝቱን ያዋቀረው በአደን ዙሪያ ነው። አንዱን ቀን ከተማ፣ ሌላውን ስሜን። የሄድኩት ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ የቋራ ሰው ነው፣ በልጅነቱ ከአጎቶቹ ጋር አደን ወጥቷል፣ ስለዚህ የተነገረውን ሁሉ አሜን ብሎ የሚቀበል አድማጭ አይደለም።

የሚጀመረው ፋሲል ግቢ፣ የአንበሳ ቤቱ ጋ ነው። ልጁ ቶሎ ወደ ወሬ አይገባም። መጀመሪያ ይጠይቃችኋል፣ አንበሳ የማን ነበር ይላል። ለንጉሡ የዙፋኑ ምልክት ነው፣ አስሮ ይቀልበዋል። ለቆላው ከብት አርቢ በረት ጥሶ የሚገባ ጠላት ነው። ለጎበዙ ደግሞ ስም የሚወጣበት ነው፣ ገድሎ ጎፈሩን ይደፋል፣ ግዳዩን ጌታው ፊት ጥሎ ዘራፍ ይላል። አንዱ እንስሳ ለሦስቱም ሌላ ሌላ ነገር ነው። እዚሁ ላይ ልጁን ወደድኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አደን ሲባል ወይ በደፈናው ጀግንነት ይለዋል፣ ወይ በደፈናው ጭካኔ።

ከዚያ ኢያሱ ቤተ መንግሥት። ከ1682 እስከ 1706 የነገሠው አድያም ሰገድ ኢያሱ ቤቱን በዝሆን ጥርስና በመስታወት አስጊጦት እንደነበር ይነገራል። ዛሬ የቀረው ግድግዳ ነው። ልጁ ግን የዝሆን ጥርሱን ይዞ ወደ ቆላ ይወስዳችኋል፣ በወሬ ማለቴ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በ1771 መጨረሻ ወደ ስናር (ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው) ሲወርድ የዝሆን አደን አይቶ ጽፏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው አንድ ፈረስ ላይ ይወጣል። ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ልብሳቸውን አውልቀዋል። የፊተኛው ልጓም ይይዛል፣ የኋለኛው ሰይፍ። የሰይፉ ስለት ወደ እጀታው በኩል በገመድ ተጠምጥሟል፣ እጅ ሳይቆርጥ እንዲጨበጥ። ፈረሰኛው ዝሆኑ ፊት ድረስ ይጠጋና ይፎክርበታል፦ እኔ እገሌ ነኝ፣ ፈረሴ እገሌ ይባላል፣ አባትህን እዚህ ቦታ ገድዬዋለሁ፣ አያትህን እዚያ፣ አሁን ደግሞ የመጣሁት ላንተ ነው። ዝሆኑ ተናዶ ሲያባርራቸው ፈረሰኛው ጥምዝዝ ብሎ በጎኑ ያልፋል፣ ባለ ሰይፉ በዚያች ቅጽበት ዱብ ይላል፣ የኋላ እግሩን ጅማት ከተረከዙ ከፍ አድርጎ ይበጥሰዋል፣ ፈረሱም ዞሮ መጥቶ ያነሳዋል። የቀረውን ጦር ይጨርሰዋል።

አባቴ እዚህ ጋ መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠ። «ፉከራውን ለሰው ብቻ ነበር የማውቀው፣ ለዝሆኑም ለራሱ ይነግሩታል?» አለ። ልጁም «አዎ ጋሼ፣ የዘር ሐረጉን ቆጥረው ነው» አለው። ከዚያ የሥጋውን ነገር ቀጠለ። ሥጋው ተዘልዝሎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ደርቆ ለክረምት ስንቅ ይሆናል። እንግዲህ በዚያች አንዲት አደን ስም የሚፈልገው አለ፣ ጥርሱን የሚሸጠው አለ፣ ልጆቹን የሚያበላው አለ። ይሄን ክፍል ለመስማት ብቻ ብትሄዱም አትከስሩም።

የጎደለው የገበሬው አደን ነው። ልጁ ጭራሽ አላነሳውም። አባቴ ነው የሞላው፣ ምሳ ላይ። እሸት ሲደርስ ማማ ላይ ማደር፣ ወንጭፍ፣ ውሻ፣ ከርከሮና ጃርት። ከርከሮውን ገድለው አይበሉትም፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድም። አይፎክሩበትም፣ ማንም ከርከሮ ገደልኩ ብሎ አደባባይ አይወጣም። ጎትተው ጥለው ወደ ማማቸው ይመለሳሉ። ክብርም ሥጋም የሌለው፣ ማሽላዋን ለማዳን ብቻ የሚደረግ አደን ነው፣ ምናልባትም አገሩ ውስጥ በብዛት የተደረገው ይሄኛው ነው። ለልጁ ነግረነዋል፣ ማስታወሻ ሲይዝ አይቻለሁ። የጣና ወይጦዎችን የጉማሬ አደንም መኪና ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው። በዚያ አደን ምክንያት ስንት ዘመን ሲገለሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ተገቢው ሰዓት ሊሰጣቸው ይገባል።

ማታ የወሰደን የባህል ቤት አልተመቸኝም። ቀረርቶ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። ጎፈር ደፍታችሁ ፎቶ ተነሱ ይላሉ፣ የምን እንደሆነ ስጠይቅ የፍየል ፀጉር ነው አሉኝ፣ ደስ አለኝ፣ ፍየልነቱን ግን ሳይጠየቁ ቢናገሩ ጥሩ ነበር። ይሄን ማታ ብትዘሉት ምንም አይቀርባችሁም።

ስሜን ግን እንዳትቀሩ። ወደ ስሜን ፓርክ የሚገባባት ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ እዚያ ስለ ዋልያ ይነግራችኋል። ከስሜን ውጪ የትም የሌለ እንስሳ ነው፣ ጠመንጃ ሲበዛ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፣ ፓርኩ በ1969 የተቋቋመውም እሱን ለመጠበቅ ጭምር ነው። ዋልያ አላየንም፣ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። ያየነው ቀይ ቀበሮ ነው፣ በሩቁ፣ በልጁ መነጽር። በቤተሰብ ይኖራል፣ አይጥ የሚያድነው ግን ብቻውን ነው። ሣሩ ውስጥ ዝቅ አለ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቀና፣ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ፣ ደግሞ ቆመ፣ ከዚያ ዘሎ በአፍንጫው ጉድጓዱ ላይ ወደቀ። ሳተው። አቧራውን አራግፎ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደ። አባቴ መነጽሩን እስኪጨልም አልመለሰም።

በመመለሻችን ስለ ዛሬው ሕግ አወራን። አዋጅ ቁጥር 541/1999 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የውጭ አገር ሰዎች በነባሌና አርሲ በኩል በተከለሉ ቦታዎች በኮታ ከፍለው የደጋ አጋዘን እንደሚያድኑም ነገረን። አባቴ ተቆጣ፣ «ለእኔ ክልክል፣ ለባለ ዶላር ፈቃድ?» አለ። ልጁ አልተከራከረም፣ ክፍያው ለጥበቃ እንዲውል ታስቦ መሆኑን፣ የአካባቢው ሰው በቂ ድርሻ ያገኛል ወይ የሚለው ግን አከራካሪ መሆኑን በሐቅ አስረዳ። እንግዳን ለማስደሰት ብሎ ያልካደ አስጎብኚ ሲገኝ መያዝ ነው።

አንድ ቅሬታ ስለ ሂሳብ። የፓርኩ መግቢያና የስካውቱ (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ክፍያ ለብቻ መሆኑን በር ላይ ስንደርስ ነው የነገረን። ስትስማሙ ምኑ ተካቷል፣ ምኑ አልተካተተም ብላችሁ አንድ በአንድ አስቆጥሩት። የመንገዱንም ሁኔታ በዋዜማው ጠይቁ። በጾም ከሄዱ ደባርቅ ሽሮ አታጡም፣ ተራራው ላይ ግን የሚሸጥ ስለሌለ ስንቃችሁን ያዙ። ብርዱ ስለማይቻል ትልልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ጋቢ ጨምሩ።