ከ61 ሌሊት በኋላ፦ ፒክአፕ ላይ ከምትጫን ካምፐር ጋር ያሳለፍኩት 16 ወር

በትራክ ሹፌርነት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሎድ በጫንኩ ቁጥር ስኬል (የመኪና ሚዛን) ላይ ሳልወጣ ረጅም መንገድ አልጀምርም፤ ሕጉ ከሚፈቅደው 80,000 ፓውንድ ካለፍክ መዘዙ ወዳንተው ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የራሴን ፒክአፕ በር ስከፍት ፊት ለፊት የምትታየውን ቢጫ ወረቀት ሳላነብ ካምፐር ገዛሁ። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው፦ ከኋላ የሚጎተት ተሳቢ አይደለም። ፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ ገብታ የምትታሰር፣ አልጋዋ ከጋቢናው በላይ ወጣ ያለ ትንሽ ቤት ናት። ሳትፈልጋት አውርደህ መኪናህን ለሌላ ሥራ ትነዳለህ። የእኔዋ ጣሪያዋ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ስትነዳ ይወርዳል፣ ስትቆም ገፍተህ ታነሳዋለህ፣ መሀል ላይ ያለው ግድግዳ ሸራ ነው። በማርች 2024 ሦስት ዓመት ያገለገለች በ14,500 ዶላር ከግለሰብ ገዛኋት። የሠሪዋን ስም አልጠራም፤ የማወራው አብዛኛው ነገር የማንኛዋም ካምፐር ጠባይ ነው። የጫንኳት ፎርድ ኤፍ-150 ላይ ነው። የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ሲሆን እስካሁን 61 ሌሊት አድረንባታል፤ ዩታ፣ ዋዮሚንግና ኒው ሜክሲኮን ጨምሮ 11,400 ማይል ነድተናታል።

ወደ ቢጫዋ ወረቀት ልመለስ። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፋለች፤ ተሳፋሪና ጭነት ተደምሮ ከዚህ ቁጥር እንዳይበልጥ ትላለች። የእኔ 1,720 ፓውንድ ይላል። ይህ ቁጥር ከመኪና መኪና ይለያያል፤ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ዓመት ሆኖ እንኳ ጣሪያው መስታወት የሆነው ወይም ባለ አራት ጎማ ነጂው ያንሳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያነበብከውን ተወውና የራስህን በር ክፈት። የካምፐሯ ብሮሹር ባዶ ክብደቷን 1,150 ፓውንድ ይለዋል። እኔና ባለቤቴ አንድ ላይ 310 ገደማ ነን። ደመርኩት፣ 260 ተረፈኝ፣ ደስ አለኝ።

ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ግን መኪናዬ አላማረኝም። ፊቱ ቀና፣ ኋላው ወደቅ ብሏል፤ ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁ መስሎት ያብለጨልጭብኛል። የዚያን ጊዜ ነው የሙያዬ ነገር ትዝ ያለኝ። ከሥራ ስመለስ የማውቀው ትራክ ስቶፕ ገባሁና የትራኮቹ ሚዛን፣ ካት ስኬሉ ላይ አወጣሁት። ፋብሪካው ለመኪናው የፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 7,050 ነው፤ ስኬሉ 7,480 አለ። 430 ፓውንድ ትርፍ። ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ፊት የቆምኩ ያህል አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሮሹሩ “ባዶ ክብደት” በእውነት ባዶ ነው። ባትሪው፣ ጋዙ፣ ፍሪጁ፣ የፀሐይ መከለያው ሸራ፣ አራቱ የማውረጃ ክሪኮች አይቆጠሩም። ውሃ ደግሞ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ነው፤ 20 ጋሎኑን ታንከር ሞላሁ ማለት አንድ ጎልማሳ ካሶኒ ላይ አሳፈርኩ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው የአየር ባሎን ባሌስትራው ላይ ያስገጥማል። እኔም አስገጥሜያለሁ፤ መኪናው ቀና ይላል፣ ለመንዳትም ይመቻል። የሚፈቀድለትን ክብደት ግን በአንድ ፓውንድ እንኳ አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ፍሬን፣ አክስሉም ያው አክስል ነው።

ስለዚህ መቀነስ ጀመርኩ። ውሃ ከቤት ስንወጣ 5 ጋሎን ብቻ እንይዛለን፣ የቀረውን ልናድርበት አካባቢ ስንደርስ እንሞላለን። ይህ ብቻ 125 ፓውንድ አወጣ። ሁለቱን ከባድ የአሲድ ባትሪዎች አውጥቼ አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አስገባሁ፤ 92 ቀነሰ። ክሪኮቹን ፈትቼ ጋራዥ ውስጥ ተውኳቸው፣ 100። ጄኔሬተሩ 47፣ የፀሐይ መከለያው 35፣ ከመሣሪያ ሳጥኔ ደግሞ 50። ተመልሼ ስኬሉ ላይ ስወጣ 7,031 አነበብኩ። 19 ፓውንድ ተረፈኝ። ይህ ለኩራት የሚሆን ቁጥር አይደለም፤ ዛሬ የምገዛ ብሆን ወይ ከዚህ የበለጠ ጭነት የሚችል ባለ ሦስት አራተኛ ቶን የሚባለውን መኪና፣ ወይ ከዚህች የቀለለች ካምፐር እፈልግ ነበር። መጀመሪያ ካምፐር ገዝቶ ኋላ መኪናውን መመዘን፣ ጫማ ገዝቶ እግርን መለካት ነው።

የሊቲየም ባትሪ ነገር ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። ብርድ ሲሆን ቻርጁን የሚያቋርጥ ወይም ራሱን የሚያሞቅ ካልሆነ ውጪ ባለው ሳጥን ውስጥ አታስቀምጠው። የእኔ ከወንበሩ ሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው፣ እሱም ሁለት ዓይነት ነው፦ ከላይ የሚገባና ከውስጥ የሚወጣ። ሻጩ “አንድም ቀን አላፈሰሰችም” ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ከአልጋው ራስጌ በቀኝ ጥግ የሻይ ጠብታ የመሰለ ቡናማ ነጥብ አየሁ። በጣቴ ስጫነው ጣውላው እሺ ብሎ ገባልኝ። ጣሪያ ላይ ስወጣ የማዕዘኑ ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ተላቋል። አሮጌውን በፕላስቲክ መፋቂያ ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅኩት፣ የበሰበሰችውን የእጅ መዳፍ የምታህል ጣውላ ቆርጬ ተካሁ፣ ከዚያ ለካምፐር ጣሪያ ተብሎ የተሠራውን፣ ሲፈስ ራሱን የሚያስተካክለውን ማሸጊያ ጨመርኩበት። ተራ ሲሊኮን የምትቀቡ ተዉ፤ አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ነገር በላዩ አይዝም። አሁን በየሦስት ወሩ መሰላል ይዤ እወጣለሁ። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ርካሽ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱና ማዕዘኖቹን ሁሉ ውጉ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ከውስጥ የሚወጣው ብሷል። የመጀመሪያው የክረምት ሌሊታችን ከፍታ ላይ ባለችው የኮሎራዶ ከተማ ሌድቪል አጠገብ ነበር። ሾርባ ሠራን፣ ሻይ አፈላን፣ ብርዱን ፈርተን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንን። ጠዋት ሸራው ላይ በረዶ ተጋግሯል፣ ፍራሹን ሳነሳው ሥሩ ውሃ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፤ በዚያ ላይ 1 ፓውንድ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1 ተኩል ፓውንድ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ግድግዳው ላይ የተገጠመው ማሞቂያ ጭሱንም እንፋሎቱንም ወደ ውጪ ይተፋል፣ የማብሰያው ምድጃ ግን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚለቀው። መድኃኒቱ አእምሮ አይቀበለውም፤ ብርድ ሲሆን የጣሪያውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍተህ ማሞቂያውን ማብራት ነው። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ መረብ ምንጣፍ ከዘረጋሁ ወዲህ ፍራሹ ደርቋል። ዋጋው በጋዝ ይከፈላል። በበጋ አንድ ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር ከወር በላይ ሲቆይ፣ በዚያ ብርድ ግን ከአራት አምስት ሌሊት አላለፈም።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። ይህን በየትኛውም የፈረንጅ ግምገማ ላይ አታገኙትም።

ሜይ መጨረሻ ላይ እዚሁ ኮሎራዶ ያለው ግሬት ሳንድ ዱንስ ፓርክ ሄድን። የሰሜን አሜሪካ ረጃጅሞቹ የአሸዋ ክምሮች ናቸው፤ በዚያ ወቅት ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ ከሥራቸው ይፈሳል፣ ሰዉ ልጆቹን ይዞ እዚያ ይንቦጫረቃል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ዞረና ዝናብ ጣለ። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ ጨርሳለች፣ ጀበናዋ በጋዙ ላይ ናት። ከሰሏን ውጪ አቀጣጥላት ነበርና ዝናቡ እንዳያጠፋት ብዬ ያቺን ትንሽ የዕጣን ማጨሻ እኔው ራሴ አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ። ዕጣኑ ሸተተ፣ ዝናቡ ሸራውን ይመታል፣ “አቤት ደስ ሲል!” አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከወንበሩ ሥር የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ። ባለቤቴ ማጨሻዋን በፎጣ ይዛ ዝናቡ ላይ ወረወረቻትና ዞር ብላ “አንተ ሰው፣ በየክረምቱ ‘ከሰል አፈናቸው’ ሲባል የምንሰማው እኮ እንዲህ ነው!” አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ትልቅ ሳሎን ውስጥ ብዙም የማናስተውላት ፍም፣ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ትገድላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕጣን ውጪ ብቻ ነው። የእሳት እገዳ ሲታወጅ ደግሞ ከሰል በብዙ ቦታ አይፈቀድም፤ ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ቡናው አይቀርም። ከፍታው ላይ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፤ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ቡናው እንዲወጣ ጀበናዋ ትንሽ ትቆይ። ለጉዞ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልለን ድስት ውስጥ እናስቀምጣለን። የመጀመሪያዋ ዩታ ውስጥ ሞአብ አጠገብ ኮረኮንች ላይ ተሰብራብናለች፤ በዚያው መንገድ ካምፐሯን የሚይዙት አራቱ ማሰሪያዎችም ላልተው አገኘኋቸው። ከተነሳህ ከ30 ማይል በኋላ ቆመህ አጥብቃቸው።

ስለ አልጋው እማዬ ትፍረድ። ባለፈው ሴፕቴምበር ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበርና ይዘናት ወጣን። ሦስተኛ ሰው ስለተጨመረ ውሃውን ጨርሶ ባዶ አደረግኩት፤ ክብደትሽ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። ውስጡን ገብታ አየችና “ልጄ፣ ያን ያህል ክፍል ያለው ቤት ትታችሁ እዚህ ዱር በሸራ ታድራላችሁ? እኛ እኮ ከዚህ ኑሮ እንድትወጡ ብለን ነው ያስተማርናችሁ” አለች። ላይኛው አልጋ ላይ መውጣት አልቻለችም፤ ጉልበት ያመመው ሰው አይወጣውም። ከታች ጠረጴዛው ወርዶ በሚሠራው ጠባብ አልጋ ላይ ተኛች። እኛም አልጋችን ወደ ጎን የተዘረጋ ስለሆነ የግድግዳ በኩሉ ተኚ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ የዳሩን ተኚ መርገጡ አይቀርም። ከቻላችሁ እግሩ ወደ በሩ የሚዘረጋ አልጋ ያላትን ምረጡ። ጠዋት ግን እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ቁርሷን ስትበላ “ይህማ የእኛው ብርድ ነው” አለች። ከእኛ ይልቅ የተመቻት እሷ ነበረች።

የቀረውን በአጭሩ። ነዳጁ በጋሎን ከ19 ማይል ወደ 14 ወርዷል። ንፋስ ላይ ጣሪያዋ ዝቅ ማለቱ ይጠቅማል፤ ዋዮሚንግ ውስጥ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ የሚወስደውን አውራ ጎዳና አይ-80 በትራክ የነዳ የምለውን ያውቃል፣ በዚያ መንገድ ከፍ ያሉት ካምፐሮች ሲንገላቱ እኔ በሁለት እጄ ይዤ አልፌያለሁ። ማታ ግን ያው ንፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው እንቅልፍ የለም። ሽንት ቤቷ ተንቀሳቃሽ ናት፣ ማፍሰሱ የእኔ ሥራ ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ማደሪያ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው፤ ዩታ ውስጥ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር በሚያስተዳድረው ሜዳ አብዛኛው ቦታ ላይ እስከ 14 ቀን መቀመጥ ይቻላል። ለብሔራዊ ፓርኮች 80 ዶላር የዓመት ካርድ ገዝተናል። ያልጠበቅኩት ወጪ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ካምፐር ደጅ ላይ አይቆምም ብለው ደብዳቤ ላኩ። አሁን በወር 75 ዶላር ከፍዬ ሌላ ቦታ አቆማታለሁ። እዚያም መከለያ ስለሌለው በሜይና በጁን በረዶ በወረደ ቁጥር ልቤ ጣሪያው ላይ ነው።

ለሁለት ሰው፣ ያውም ለማይኳረፍ ሁለት ሰው፣ እመክራታለሁ። ሲኮራረፉ የሚሄዱበት ክፍል የለም። ልጆች ላለው አልመክርም፣ ተጎታች ይግዛ።

በሚቀጥለው ወር ኒው ሜክሲኮ እንሄዳለን። ትናንት ባለቤቴ በኤሌክትሪክ የተፈጨ ቡና ሰልችቶኛል ብላ የብረት ሙቀጫዋን ከነዘነዘናው ካምፐሯ ውስጥ አስቀምጣ አገኘሁ። ቤት አምጥቼ ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 11 ፓውንድ። ከ19ኙ 8 ቀረኝ።