ለእናቴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፣ ለምትፈልጓት ደግሞ ጥቆማ

የእናቴን ጉልበትና ወገብ የምታክምልንን ልጅ በአደባባይ ማመስገን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስሟ እንዳይጠራ ስለፈለገች «እህታችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በአያት፣ በሰሚትና በሲኤምሲ በኩል ቤት ለቤት ትዞራለች። ከምትሠራው አንዱ የሚያመውን ቦታ በሙቀት መያዝ ነው።

«ሙቀት ለመያዝ ደግሞ ምን ባለሙያ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ጨው አሙቆ በጨርቅ ቋጥሮ ወገብ መተኮስ እኮ የማያውቅ ቤት የለም። እኔ ግን ይህችን ልጅ ከሁሉ በላይ የማመሰግናት «እዚህ ቦታ ላይ ሙቀት አላደርግም» በማለቷ ነው።

እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። የጉልበቷ ልም አጥንት (አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ ጫፋቸውን የሚሸፍነው ለስላሳው ክፍል) መሳሳቱን ሐኪም ከነገረን በኋላ ነው ፊዚዮቴራፒ የታዘዘላት። እህታችን መጀመሪያ የመጣች ዕለት ግን እናቴ ጉልበቱን ትታ «ልጄ፣ እግሬን አሙቂልኝ፤ ሌሊት በረዶ ይሆንብኛል» አለቻት። እሷ መልስ ሳትሰጥ ከቦርሳዋ ሁለት ብልቃጥ አወጣች፤ አንዱን ሞቅ ያለ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችና «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የነካዎት ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ይንገሩኝ» አለች።

ወገብና ጉልበት ላይ እናቴ አልተሳሳተችም። ቁርጭምጭሚት ላይ ማመንታት ጀመረች። ጣቶቿ ጋ ሲደረስ ሙቁን «ቀዝቃዛ» አለች፤ በቀዝቃዛው ስትነካ ደግሞ «ኧረ ንኪኝ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ተቆጣች። ቤቱ ውስጥ የነበርን ሁሉ ደነገጥን። እህታችን የእግሯን ላይኛ ክፍል በሁለት ጣቷ ይዛ የደም ትርታ ፈለገች፤ ብዙ ፈለገች። ከዚያ «ከጉልበት በታች ሙቀት አይያዝም፤ ካልሲ ይበቃል» ብላ ቆረጠች፤ የእግሯን የደም ሥር ሐኪም እንዲያይላትም ወረቀት ጻፈችልን።

ምክንያቱን ያስረዳችን እንዲህ ነው። ሙቀት ሲያርፍብን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ወደ ቦታው የሚሄደው ደም ይጨምራል፣ የተኮማተረው ጡንቻ ይለቃል፣ የደረቀው መገጣጠሚያ ይላላል። ቆዳችን ላይ ያሉት ሙቀት ተቀባይ ነርቮችም መልእክታቸውን ሲልኩ የሕመሙ ስሜት ይቀንሳል። ነገር ግን የሞቀ ሥጋ ከቀድሞው የበለጠ ደምና ኦክስጅን ይፈልጋል። የደም ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ሰፍቶ የሚፈለገውን ያደርሳል። በስኳር ብዛት የጠበበ ከሆነ ግን ፍላጎቱ ይጨምራል፣ አቅርቦቱ እዚያው ይቀራል፤ ሥጋው ይጎዳል። በዚያ ላይ እግሩ ከደነዘዘ ሰውየው ሲቃጠል አያውቀውም። በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የሚወጣ ቁስል ደግሞ እንዴት አልድን እንደሚል ያየ ያውቀዋል።

የጉልበቱና የወገቡ አያያዝ ራሱ ማየት የሚያስደስት ነው። የሚንተከተክ ውሃ የጎማ ከረጢት ውስጥ አትጨምርም፤ ፈልቶ ትንሽ በረድ እስኪል ትጠብቃለች። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ትሞላና አየሩን ጨምቃ ታስወጣለች፣ ክዳኑን ቁልቁል ዘቅዝቃ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ታያለች። በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ በቅድሚያ የራሷን ክንድ ውስጠኛ ክፍል ታስነካለች። ጉልበት ላይ ታስቀምጣለች እንጂ እናቴ ከረጢቱ ላይ እንድትተኛበት አትፈቅድም፤ ክብደት ሲጫነው ደሙ ሙቀቱን ይዞ መሄድ ያቅተዋልና ያቃጥላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፎጣውን ገልጣ ቆዳውን ታያለች። በእኛ መልክ ላይ መቅላት ቶሎ አይለይም፤ ስለዚህ በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች፣ ዝንጉርጉር ነገር ካየች ታነሳዋለች። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፣ አለቀ። እናቴ «ትንሽ ይቆይ» ብላ ብትለምናትም አትሰማም። ለሕመም የሚቀባው የሚያቃጥል ቅባት ከሙቀቱ ጋር ፈጽሞ አይቀባም።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። የጉልበት ሙቀት ልም አጥንት አይተክልም፤ ይህን ሳታድበሰብስ ነው የነገረችን። ሕመሙ ጋብ ባለበት በዚያች ሰዓት እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ እግሯን ዘርግታ እንድትይዝ፣ እንድታጥፍ፣ ከወንበር ተነስታ እንድትቀመጥ ታደርጋለች። እናቴ ይህን ክፍል አትወደውም። አሁን ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደረጃውን እኔን ሳትደገፍ ትወጣዋለች።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ኳስ ሲጫወት ወለም ብሎት ቁርጭምጭሚቱ እንዳበጠ እያነከሰ ገባ። እናቴ ወዲያው ጨው ልታሞቅ ተነሳች። እህታችን «እማማ፣ ገና ትኩስ ነው፤ ሲሞቅ ደም ይጨምርበትና እብጠቱ ይብሳል» ብላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችለት፤ እግሩንም ትራስ ላይ ከፍ አደረገችለት። ሁለት ሦስት ቀን ሙቀት እንዳይነካው አዘዘች። ለልጁ ሒሳብ አልጠየቀችም።

ፍልውሃን አልከለከለችም። እናቴ «እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ነው አዲስ አበባን በ1879 የቆረቆሯት፤ እኔ ከሳቸው እበልጣለሁ?» ስትላት ስቃ «ይሂዱ፣ ግን በሥርዓት» አለቻት። ገንዳው ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ቀዝቃዛውን ቀላቅሎ ውሃውን ሰው በእጁ ይለካላታል፣ ሲወጣም ተቀምጦ ቆይቶ ነው። መላ ሰውነት ሲሞቅ የደም ሥሮች ሁሉ ይሰፉና ግፊት ይወርዳል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ድንገት ብድግ ሲል ራሱን ሊስት ይችላል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከዚህ በፊት የሄድንበት አንድ ቦታ ስላለ ነው። ስሙ ይቅር። የሙቀት መብራቱን ወገቧ ላይ አብርተው ሄዱ፤ ስኳር አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከባዱን ብር ግን እነሱ ናቸው የተቀበሉን።

እንከንም አላት፤ ሰዓት ታሳልፋለች። ከአያት ሲኤምሲ ያለው ትራፊክ የሷ ጥፋት ባይሆንም «ደረስኩ» ስትል ገና መሆኗን ለምደነዋል። ሒሳቧን ግን ከመምጣቷ በፊት በስልክ ትናገራለች፣ ከዚያ ላይ ሳንቲም አትጨምርም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ኮመንት ላይ አላስቀምጥም። የሐኪም ወረቀት ካላችሁ አዘጋጁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የምታየው። ደም ረግቶበት የሚታከም፣ እግሩ በአንድ በኩል ድንገት ያበጠ ወይም ትኩሳት ያለው ሰው ከሆነ እሷን ሳይሆን ሐኪም ጥሩ፤ ለእኛም የነገረችን ይህንኑ ነው። እሑድ አትሠራም።