ሮቦት ቫኪዩም ወይስ የሚጎተተው? ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?

ጠራጊ ሮቦት ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ጉልበቱ ነው። ስንት ፓስካል (የመሳብ ጉልበት መለኪያ ነው) ይስባል፣ ካርታ ያወጣል፣ ይወለውላል። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህ ዕቃ ነገ ቀጥ ቢል መርካቶ ውስጥ የሚከፍተው ሰው አለ? ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ የለመዱት ጠጋኝ የት እንደገባ ማፈላለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም።

አማራጩ ሦስት ነው። በገመድ የሚሰራው የሚጎተት ቫኪዩም አለ። ያለ ካርታ እየተጋጨ የሚጠርግ ርካሽ ሮቦት አለ። ከዚያ ቤቱን በሌዘር እያየ ካርታ የሚያወጣው፣ በስልክ የሚታዘዘው ውዱ ሮቦት አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።)

የሚጎተተው ታሪኩ አጭር ነው። ውስጡ ሞተር፣ ማብሪያ፣ ገመድና ማጣሪያ ነው። ሞተሩ ሲደክም ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው (ለሚሽከረከረው ክፍል መብራት የሚያደርሰው ቁራጭ)፣ ይቀየራል። ኩሽኔታው ሲጮህም ይቀየራል። ሽቦው ቢቃጠል እንኳ እንደገና የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ። ችግሩ ጩኸቱና ጎንበስ ቀናው ነው፣ መብራት ከሄደ ደግሞ በቃ። በዋት ብዛት አትሸወዱ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚበላ አዲስ ቫኪዩም እንዳይሸጥ ከልክሏል፣ ፈረንጆቹም ቤታቸው አልቆሸሸም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት እንዳይል እዩ። የእኛ 220 ነው፤ በቀጥታ ከሰካችሁት ሞተሩን ደህና ሁን በሉት።

ርካሹ ሮቦት ብዙም ብልህ አይደለም። ግድግዳ ሲነካ ይዞራል፣ አንዱን ጥግ ሦስቴ ጠርጎ ሌላውን ይረሳል። በ2002 የወጣው የመጀመሪያው ሩምባም (የአሜሪካው አይሮቦት ጠራጊ ሮቦት) የሚሰራው እንዲሁ ነበር። ግን ቁልፉን ስትጫኑት ይሄዳል። ስልክም ዋይፋይም አይጠይቅም። ሩምባ በተለይ ለጠጋኝ ይመቻል። ጎማው፣ የብሩሽ ሳጥኑ፣ ባትሪው እያንዳንዱ ለብቻው ተፈትቶ ይወጣል፣ ካቻቢቴ ይበቃል። አምራቹ አይሮቦት በ2025 መጨረሻ የኪሳራ ከለላ ጠይቆ ሮቦቶቹን ለሚሰራለት የቻይና ድርጅት ሊተላለፍ መስማማቱን ግን አብራችሁ ያዙ።

ውዱ ሮቦት ሲሰራ ያስቀናል። ክፍሎቹን ለይቶ ያውቃል፣ መስመር ይዞ ይጠርጋል፣ ባትሪው ሲያንስ ራሱ ተመልሶ ይሰካል። ግን የሚበላሸውም በዚያው ልክ ነው። የሚሽከረከረው ሌዘር የራሱ ትንሽ ሞተር አለው። የሚወለውለው ዓይነት የውሃ ፓምፕ ይጨመርበታል። ቦርዱ ከተቃጠለ ደግሞ ቦርዱን ካላመጣችሁ ወሬ የለም። ከሁሉም የባሰው ሳይበላሽ የሚሞተው ነው። ኒያቶ የሚባለው ሮቦት አምራች በ2023 ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ቮርወርክ ሮቦቱን ከስልኩ አፕ ጋር የሚያገናኘውን ሰርቨር ለ5 ዓመት እንደሚያቆየው ተናግሮ ነበር። በ2025 ዘጋው። ደህና የነበሩት ሮቦቶች ከዚያ ወዲህ አፑን አይሰሙም፣ የሚነሱት ቁልፋቸው በእጅ ሲጫን ብቻ ነው።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ቄጤማ ጎዝጉዛችሁ ቡና ባፈላችሁ ማግስት ሮቦቱን ገልብጡት። ሣሩ ብሩሹ ላይ ተጠምጥሟል። ብሩሹን አውጥታችሁ ጫፉን ስታዩ፣ ጸጉርና የነጠላ ክር ተጋግሮ ቀለበት ሠርቷል። እሱ ካልተቆረጠ ሞተሩ ይግላል፣ ሮቦቱም መሀል ሳሎን እየጮኸ ይቆማል። ስለዚህ ብሩሹ ያለ መሣሪያ የሚወጣ፣ የጫፉ ክዳንም የሚነቀል መሆን አለበት። ጥቁር ምንጣፍ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ሮቦቶች ገደል መስሏቸው አይረግጡትም። ደፉ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነም አብዛኞቹ አይሻገሩትም።

ባትሪው ለሁለቱም ሮቦቶች የጋራ ጣጣ ነው፣ ማለቁ አይቀርም። ብዙዎቹ 14.4 ቮልት ናቸው፤ አራት ክብ የሊቲየም ባትሪ ተቀጣጥሎ ነው። በስታኞ ሳይሆን በማሽን የሚበይድ ሰው ካገኛችሁ አራቱን ቀይሮ ያስነሳዋል። አዲስ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ አይገባም። በእጅ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 14.4 ቮልት በ5.2 አምፒር ሰዓት 75 ገደማ ስለሚመጣ ችግር የለም።

እኔ ብሆን፣ ሴራሚክ ወለል ላለው ኮንዶሚኒየም ርካሹን ሮቦት እወስዳለሁ። ወፍራም ምንጣፍ ለበዛበት ቤት የሚጎተተውን። ውዱን የምመክረው መለዋወጫ የሚያመጣለት ሰው ላለው ብቻ ነው። ልባችሁ እሱ ላይ ከሆነ፣ ዕቃው ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች የሚናገረውን የፈረንሳይ የጥገና ነጥብ ፈልጉ፤ እዚያ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ቫኪዩም ሲሸጥ ከ10 ስንት እንዳገኘ ከዋጋው ጎን ይለጠፋል። ለቻይና አገር ውስጥ ገበያ የተሰራውን ራቁት፣ ድምፁም ቻይንኛ ነው፣ ሰርቨሩም እዚያው። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሱቁ ውስጥ ዋይፋዩን አስጠፉና ቁልፉን ተጫኑት። ካልተንቀሳቀሰ፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁም ይቅርባችሁ።