የደሴ ጉምና የኮምቦልቻ ሙቀት
ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የጨረሰ ተሳፋሪ ጋቢውን ከትከሻው ማውረዱ አይቀርም። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በመካከላቸው የ4 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል።

የደሴ መለያ ጉሙ ነው። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው እርጥብ አየር የተራራውን ገጽ ተከትሎ ከፍ ሲል እየቀዘቀዘ ወደ ደቃቅ የውኃ ብናኝ ስለሚለወጥ፣ በክረምት ጦሳ ራሱ ከዓይን የሚሰወርበት ጊዜ አለ። በቦርከና ሸለቆ ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ይህ እምብዛም አይገጥማትም።

ብርዱ የደሴን ሰው ቡና ወዳድ፣ ሙቀቱም የኮምቦልቻን ሰው ለሥራ ፈጣን አድርጎታል የሚለው አስተያየት ግን አያሳምነኝም። ቡናውማ ከአቦል እስከ በረካ በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ፋብሪካዎቹና አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ታች የወረዱትም፣ በእኔ ግምት፣ ለጥ ያለ መሬት ስለተገኘና ወደ ባቲና ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። ለመኖሪያ ምረጥ ብባል ግን ደሴን ከነጉሟ እመርጣለሁ።