ለገበያው የመሣሪያ ሻጭ ጋሼ ምስጋና፣ ለአይሱዙ ሾፌሮችና ረዳቶች ጥቆማ

እንደምን ሰነበታችሁ የባሕር ዳር፣ የሐሙሲት፣ የወረታና የመራዊ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ባለንብረቶች። ምስጋናችን ከገበያው ጀርባ ባሉት የመለዋወጫ ሱቆች መካከል የእጅ መሣሪያ ለሚሸጡት ጋሼ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን ትተነዋል። ግን አይጠፏችሁም። ጠረጴዛቸው ላይ ሞርሳ ታስሯል፤ ሞርሳው የአሮጌ አይሱዙ ብሎን ነክሶ ይውላል። የሚገዛ ሰው ብር ከመቁጠሩ በፊት ቁልፉን እዚያ ብሎን ላይ ገጥሞ ይሞክራል። ካልተመቸው መልሶ ይሰቅላል፤ የሚቆጣው የለም።

ሱቁ የገባ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው መቶ ምናምን ፍሬ በያዘው ሻንጣ ላይ ነው። ጋሼ ሻንጣውን የሚሸጡት ምክራቸውን አልሰማ ላለ ብቻ ነው። ምክንያታቸው ትክክል ነው፦ የሻንጣው ግማሽ ከ4 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያሉ፣ ብሎን ላይ የሚደፉ ትንንሽ ቡሶላዎችና የካቻቪቴ ጫፎች ናቸው። እነዚህ ለቤት ዕቃ ይሆናሉ፤ የጭነት መኪና ግን ባለ 22 እና ባለ 24 ቁልፍ ሲፈልግ ሻንጣው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መኪናው ምንድን ነው?» ብለው ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አይሱዙ የጃፓን ነው፤ ጃፓኖች ደግሞ ለተመሳሳይ ውፍረት ብሎን ጭንቅላቱን አሳንሰው ይሠሩታል። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን አይሱዙ ላይ በ12 ቁልፍ ይፈታል፤ በቻይናና በአውሮፓ መኪና ላይ ግን 13 ይፈልጋል። ባለ 10 ውፍረቱ በጃፓን 14፣ በሌሎቹ 16 ወይም 17 ነው። ባለ 12ቱ በጃፓን 17፣ በሌሎቹ 18 ወይም 19። እንግዲህ ለአይሱዙ የሚበቃው 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19፣ 22 እና 24 ነው፤ አንድ ጫፉ አፍ፣ ሌላው ጫፉ ቀለበት የሆነ። ከነዚህ ውስጥ 14፣ 17 እና 19 ሁለት ሁለት መሆን አለባቸው፤ ብሎኑን በአንዱ ይዞ ዳዶውን (ብሎኑ ላይ ዞሮ የሚጠብቀውን ባለ ቀዳዳ ብረት) በሌላው ለመፍታት። የቻይናውን የጭነት መኪና ሲኖትራክ የሚያሽከረክር 13፣ 16 እና 18 ይጨምር። ሰው ይህን ባለማወቁ ባለ 12 ጭንቅላት ላይ 13 ይገጥማል። ቁልፉ ይገባል፣ ላላ ያለውን ብሎንም ያዞራል። የጠበቀው ላይ ሲደርስ ግን ማዕዘኑን ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የስካርፔሎና የመዶሻ ነው።

ቁልፍ እንዴት ይመረጣል? ጋሼ የሚያሳዩት ይህን ነው። ቁልፉን ሞርሳው ላይ ያለው ብሎን ላይ ግጠሙና ሳትጫኑ በጣታችሁ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ በጣም የሚዋልል ከሆነ ግን አፉ ሰፍቷል ማለት ነውና መልሱት። ቀጥሎ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡና አፉን እንደገና ተመልከቱ፤ በአንድ ጉተታ የከፈተ ብረት መንገድ ላይ አያወጣችሁም። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። የነጩ ቅብ ጠርዝ ገና ሱቅ ውስጥ እያለ መላጥ ከጀመረ ደግሞ መጥፎነቱ ለብረቱ ብቻ አይደለም፣ እጅ ይቆርጣል። ቡሶላ ሲሆን ውስጡ ስድስት ማዕዘን ያለውን ያዙ። አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ለመግጠም ይፈጥናል፤ የዛገ ብሎን ላይ ግን የሚነክሰው ጫፍ ጫፉን ስለሆነ ቶሎ ይልጣል። ራቼቱ (ውስጡ ጥርስ ያለው፣ ሳይነቀል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው እጀታ) ደግሞ የላላውን ለማፍጠን ነው። የጠበቀውን ለማላቀቅ ጥርስ የሌለውን ረጅም እጀታ ተጠቀሙ፤ ራቼት ላይ ቱቦ የሰካ ሰው ጥርሱን ሰብሮ ነው የሚመለሰው።

ከቁልፍ ሌላ የሚያዘው ይህ ነው፦ ፒንሳ አንድ፣ ፓፓጋሎ (አፉ የሚስተካከል ትልቅ ፒንሳ) አንድ፣ አንድ ኪሎ የሚሆን መዶሻ፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ከሁለት ትርፍ ምላጭ ጋር። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ እንግሊዝ ቁልፍም ያዙ ግን አትመኩበት። ካቻቪቴ ላይ ብቻ አንድ ነገር እንበል፦ የጃፓን ባለ መስቀል ብሎኖች ጎድጓዳቸው ከተለመደው ትንሽ ይለያል፤ ተራው ካቻቪቴ ወደ ላይ እየተገፋ ይወጣል። ስለዚህ ጫፉ ሹል ያልሆነውንና ጎድጓዳውን ሞልቶ የሚቀመጠውን መርጣችሁ፣ እየገፋችሁ አዙሩ።

ጎማ ላይ እንቆይ፤ መንገድ ዳር የሚያቆመን በአብዛኛው እሱ ነውና። በአይሱዙ የኋላ ድርብ ጎማ ላይ የሚበዛው የጃፓን አሠራር ሁለት ዳዶ ነው፦ ውጪኛው ባለ 41 ስድስት ማዕዘን፣ ውስጠኛው ባለ 21 አራት ማዕዘን። የጎማ መፍቻው ሁለቱም ጫፍ ያስፈልገዋል። የ41ዱን ብቻ የሚሸጡ አሉ፤ በእሱ የውስጡ ጎማ አይወርድም። በዚህ አሠራር የግራ ጎን ብሎኖች ጥርሳቸው ግልብጥ ነው፤ ጫፋቸው ላይ የግራ ምልክት ታትሟል፤ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚላቀቁት። ይህን ያልተነገረው ረዳት አፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ ብሎን ይቆርጣል። ሲኖትራክ ደግሞ በሁለቱም ጎን ቀኝ ጥርስ ነው፤ ቁልፉም 32 ወይም 33። ሄዳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ዳዶ በካሊፐር ለኩ፤ ካሊፐር ከሌላችሁ ዳዶዋን ራሷን ይዛችሁ ሂዱ።

ድርብ ጎማ ሲጠብቅ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ነው፦ የውጪውን ብቻ መጎተት። የውስጡ ሳይጠብቅ የውጪው ቢጠብቅ ጎማው ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን እየተላወሰ የብሎኑን አንገት ይበላል፣ ብሎኑም ይቆረጣል። ትክክለኛው መንገድ ከስድስቱ የውጪ ዳዶዎች አንድ እየዘለሉ ሦስቱን ማላላት፣ የነሱን የውስጥ ማጥበቅ፣ የውጪውን መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ ቀሪዎቹ ሦስት መሄድ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይጠብቃል። ከባሕር ዳር ጎማ ቀይሮ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ወረታ ላይ ቁልፍ ቢያሳርፍበት ልክ ነው።

ምን ያህል ይጠብቅ ለሚለው፣ መመሪያው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ለዚህ ዓይነቱ ዳዶ ግን 440 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ የተለመደ ነው። በእጅ ሲታሰብ አንድ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ ወደ 45 ኪሎ የሚመዝን ጫና ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 60 ሴንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 410 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ሰክተው የሚዘሉበት ወንድሞች ብሎኑን እየሳቡት ነው። የተሳበ ብሎን የሚቆረጠው ያን ዕለት ሳይሆን ጭነት ይዞ ሲወጣ ነው።

ክሪክ። ለአይሱዙ ኤንፒአር ባለ 10 ቶን ጠርሙስ ክሪክ ይበቃል። ከቶኑ ይልቅ ግን ሰው የሚረሳው ቁመቱን ነው፦ የፊት ጎማ ሲተነፍስ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ረጅም ክሪክ ከሥሩ አይገባም። ጎማው ተንፍሶ እያለ ከመሬት እስከ አክስል ያለውን ለኩና በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅ ውስጥ ቫልቩን ዘግታችሁ ጥቂት ጊዜ አውጡትና በመዳፍ ተጫኑት፤ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ አየር ይዟል ወይም ያፈሳል። ዘይት ሲጎድለው የሃይድሮሊክ ዘይት ጨምሩ። የፍሬን ዘይት የጨመረ ሰው ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) አበላሽቶ ክሪኩን ይጥላል። በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ፣ በተለይ ክረምት፣ ክሪክ ብቻውን ይሰምጣል፤ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ይቀመጥ። ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደገፍበት) በተቃራኒው ጎማ ፊትና ኋላ ይደረግ፣ ዳዶው ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላ፣ ክሪኩ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) ከአክስሉ ጋር በታሰረበት አጠገብ ይግባ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ረዳቱን «ቶሎ ግባና እየው» የምትሉ ሾፌሮች ይህን አስቡ።

መብራት ጉዳይ ላይ ጋሼ ከመሸጥ ይልቅ የሚከለክሉት ይበዛል። አይሱዙ እዚህ የሚነዳው በ24 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ ነው። የ12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል ወዲያው ይቃጠልና «መስመሩ ሞቷል» ብላችሁ ደህናውን ሽቦ ትበጥሳላችሁ። ርካሽ መልቲሜትር ይሻላል፦ ሞተር ጠፍቶ ሁለቱ ባትሪ አንድ ላይ 25 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ከ27 እስከ 28 ተኩል ካነበበ ዲናሞው ደህና ነው። ለየብቻ ስትለኩ አንዱ 12.6፣ ሌላው 11 ምናምን ከሆነ ጥፋቱ ባትሪው ላይ ነው፤ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) አታስፈቱ። የፊውዝ ትርፍ ግዙ፤ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ አትጠምጥሙ።

ናፍታ ሲያልቅ ወይም ፊልትሮ ሲቀየር አየር ይገባል። የሚያስፈልገው ፊልትሮው ራስ ላይ ላለችው የአየር ማስወጫ ብሎን ልኳን የሆነ ቁልፍና ጨርቅ ነው። ብሎኗን አንድ ዙር ያህል አላሉ፣ በእጅ ፓምፑ አረፋው እስኪያልቅ ምቱ፣ ፓምፑን እንደተጫናችሁ ዝጉ፣ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ ጥቂት ምት ጨምሩ። ብሎኗ የገባችበት ብረት ለስላሳ ነውና አታንቋት። ከዚያ ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ ሳትይዙ፣ እያሳረፋችሁ ሞክሩ። የድሮው ባለ ሜካኒካል ፓምፕ ሞተር ካልተነሳ የኢንጀክተር ቱቦ ዳዶዎችን በ17 ወይም በ19 ቁልፍ አንድ በአንድ እያላሉ አየሩን ማስወጣት ይቻላል። አዲሱ ኮመን ሬይል ሞተር (ናፍታው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ የሚቆይበት) ላይ ግን ይህን ከቶ አታድርጉ፤ ግፊቱ ከ1000 ባር ስለሚያልፍ ናፍታው ቆዳ በስቶ ይገባል። የፍሬን ቱቦም የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም። ግድ ከሆነ ባለ 10 ዳዶውን በተራ አፍ ሳይሆን ቀለበቱ በተሰነጠቀው የቱቦ ቁልፍ ያዙት፣ ከዚያም ጋራዥ ሂዱ።

ስለ ጋሼ ቅር የሚለንን ሳንሸሽግ እንንገራችሁ፦ ጠዋት ዘግይተው ይከፍታሉ፣ ዱቤ የለም፣ ወሬም ይወዳሉ። ጭነት አስጭናችሁ የምትቸኩሉ ከሆነ አትሂዱ። ደረሰኝ ግን ሳይጠየቁ ይቆርጣሉ፤ በሳምንቱ አፉ የከፈተ ቁልፍ ይዞ የመጣን ሰው ሳይከራከሩ ይቀይሩለታል። መሣሪያውን የሚጠቀልሉበት የሸራ ከረጢትም ከአሮጌ ድንኳን አሰፍተው በትንሽ ብር ይሰጣሉ። በጣና ክረምት እርጥበት ሳጥን ውስጥ እርስ በርሱ የሚፋጭ ቁልፍ ይዝጋል፤ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠርጎ በሸራው የተጠቀለለ ግን ዓመት ይሻገራል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ያቺ ሞርሳ ከጠረጴዛው ላይ አትነሳ።