አሳቲግ ቢች፦ የሚስል አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሕር እንሂድ ሲባል ሐበሻው ሁሉ ኦሽን ሲቲ ነው የሚሄደው፣ እኛም እንደዛው ነበርን። ዘንድሮ ግን አባዬ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለነበር ቅዳሜን ኦሽን ሲቲ ውለን እሁድ አጠገቡ ወዳለው ደሴት ወደ አሳቲግ ተሻገርን፣ ከዚህ በኋላ እሱን ይዤ ሌላ ቢች የምሄድ አይመስለኝም።

አባዬ ይስላል። ዕድሜውን ሙሉ ስዕል አስተምሯል፣ አሁን 75 ሆኖትም ጠዋት አንድ ነገር ሳይሞነጫጭር ቡና አይጠጣም። ባሕር ያየው በ1965 ዓ.ም. ከአስመራ ቁልቁል ወርዶ ምጽዋ ላይ፣ ጉርጉሱም ቢች 3 ቀን ዋኝቶ፣ በቃ። ያንን 3 ቀን እኛ ልጆቹ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው እያየን ያደግነው።

ኦሽን ሲቲን አልጠላሁትም፣ ቢቹ ነጻ ነው፣ ልጆቹ ቦርድዎኩን (ዳርቻው ላይ ያለውን የእንጨት መንገድ) ይወዱታል፣ በፈረንጆቹ ከ1929 ጀምሮ ያለውን ትራሸርስ የሚባለውን ሱቅ ድንች ጥብስ በኮምጣጤ እኔም በጣም ነው የምወደው። ለሚስል ሰው ግን አይሆንም፣ ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ነው፣ አባዬ 20 ደቂቃ ተቀምጦ ደብተሩን ዘጋ። ምንም አላለም፣ ግን አባቴን አውቀዋለሁ።

አሳቲግ ከዛ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ድልድይ ተሻግራችሁ 37 ማይል የሚረዝም ደሴት ነው። ድሮ ከኦሽን ሲቲ ጋር አንድ መሬት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1933 የመጣው ሀሪኬን ነው መሀሉን ቆርጦ የለያቸው። በኋላም ለቤት መስሪያ እየተሸነሸነ ሊሸጥ ተጀምሮ ነበር፣ የ1962 ማዕበል መንገዱንም ቤቱንም ጠራርጎ ወሰደው፣ ከዛ በ1965 (እሱም በፈረንጆቹ) የፌዴራል ፓርክ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ስትቀመጡ ፊታችሁ ውሃ፣ ኋላችሁ አሸዋና ሳር ብቻ ነው፣ ሆቴል የለ ሱቅ የለ። አባዬ ወንበሩን ሳይዘረጋ ቆሞ ሲያይ ቆየ።

ስለ መሳል ደሞ ከአባዬ ያየሁትን ልንገራችሁ ምክንያቱም ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የውሃ ቀለም ይዞ ነበር፣ ነፋሱ ብሩሹ ከወረቀቱ ሳይነሳ ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ሰማዩን በአንድ ትንፋሽ ነው ወረቀቱን ቀድሞ አርሶ የጨረሰው። ፀሐይ ነጭ ወረቀት ላይ ስታርፍ ዓይን ታጠፋለች፣ ጀርባውን ሰጥቷት በራሱ ጥላ ነው የሰራው፣ ቀለም ሲመርጥ መነጽሩን ያወልቃል፣ ጥቁር መነጽር ቀለም ይዋሻል ይላል። ወረቀት መያዣ ክሊፕ 4 ያዙ፣ ሁለት አይበቃም። አሸዋው ግን ምንም ብታደርጉ ቀለሙ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ ተናዶ ነበር፣ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ በፈረንጆቹ 1870 ትሩቪል የባሕር ዳርቻ ሚስቱን ሲስል የገባው አሸዋ እስከ ዛሬ ለንደን ያለው ሸራ ላይ እንዳለ ስነግረው ወረቀቱን አየት አደረገና ማራገፉን ተወው።

የ7 ዓመቱ ልጄ አጠገቡ ተቀምጦ "አባባ ባሕሩን ለምን ሰማያዊ አላደረግከውም?" አለው። "እስቲ እየው፣ ሰማያዊ ነው?" ልጁ ዝም ብሎ ብዙ አየ፣ እኔ እንደዛ ሲያይ አይቼው አላውቅም። "ቡኒ ነው፣ ማዕበሉ ሊፈርስ ሲል ደሞ አረንጓዴ ይሆናል" አለ። አባዬ ብሩሹን ሰጠው። ከዛ በኋላ ነው ስለ ምጽዋ ያወራልን፣ ያኛው ባሕር ሞቃትና ዝም ያለ እንደነበረ፣ ይሄኛው ግን እንደሚቆጣ፣ 50 ዓመት ሙሉ ማዕበል የሚስለው በግምት እንደነበረ። እኔ ይሄን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የዱር ፈረሶቹ እውነት ናቸው፣ ዳርቻው ላይ ይመጣሉ። 40 ጫማ ራቁ ነው ሕጉ፣ መንካትም ማብላትም ክልክል ነው፣ ምግብ ደሞ ስለሚሰርቁ ኩለራችሁን በደንብ ዝጉ፣ አንዱ ወደ ፍርፍራችን ሲመጣ ሁሉንም ሰብስበን ነው የሸሸነው። አባዬ ከሩቅ በእርሳስ ሁለቴ ሳለው፣ የመጀመሪያው እግር የለውም፣ ፈረሱ ሄደበት።

የማይመቸው፦ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ጃንጥላ ከቤት ያዙ፣ ለሽማግሌ ግዴታ ነው። ነፋሱ ከየብስ ሲመጣ ትንኝና ተናካሽ ዝንብ ይዞ ይመጣል፣ ሰመር ላይ ይብሳል። ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው። ፓርኪንግ ዊኬንድ ቶሎ ይሞላል፣ አርብ ከሰዓት መንገዱ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ቤይ ብሪጅ ላይ ደሞ ባትገኙ ይሻላል፣ ያለ ትራፊክ ከኛ ሰፈር 3 ሰዓት ገደማ ነው። ለመኪና 25 ዶላር ከፈልን፣ 7 ቀን ያስገባል። 62 የሞላው ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ወላጅ ካላችሁ የ20 ዶላሩን ዓመታዊ የሲኒየር ፓስ (የአረጋውያን የፓርክ መግቢያ ካርድ) አውጡለት፣ መኪና ውስጥ ያለውን ሁሉ ያስገባል።

ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ልንሄድ ነው፣ ዝንቡም ሰውም ይቀንሳል። አባዬ ትልቅ ወረቀት ግዙልኝ ብሏል፣ ልጄም ለራሱ።