ቀይ መስመር ስላለው ብቻ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ

የቦይለር መስመር ልታዘረጉ ያሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን መርካቶ ካለ አንድ የሳኒታሪ ዕቃ ሱቅ ባለ 20 ሚሊሜትር ፒፒአር (የውሃ መስመር ፕላስቲክ) ቧንቧ ገዛን። «የሙቅ ነው፣ ፒኤን 20» ተባልን፤ ፒኤን ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ረከስ ይላል። ቀይ መስመሩም ጽሑፉም አለ። የቧንቧ ሠራተኛችን ቆርጦ ሲለካው ግን ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

የባለ 20 ቧንቧ ፒኤን 20 ውፍረቱ 3.4 ሚሊሜትር ነው። ፒኤን 16 ደግሞ 2.8፣ ፒኤን 10 ደግሞ 1.9። በግልጽ አማርኛ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ በሙቅ ስም ሸጡልን።

ባለሱቁ ስንመልስለት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ውሃ በደንብ ያሳልፋል!» ቀዳዳው የሰፋው እኮ ፕላስቲኩ ስለሳሳ ነው። ቀጥሎም «ከተቆረጠ አንቀበልም» አለን። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ቧንቧ» ብቻ ስለነበር መከራከሪያ አጣን።

ፒኤን 20 ማለት 20 ባር ግፊት ይችላል ማለት ነው፤ ያ ግን ለቀዝቃዛ ውሃ ነው። ውሃው 70 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከመነሻው የሳሳውማ ምን ይተርፈዋል? በዚያ ላይ የኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ መስመሩን ይመታዋል። ክፋቱ ደግሞ የሳሳ ቧንቧ በመጀመሪያው ቀን አይፈነዳም። ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ሴራሚኩ ተለጥፏል፤ የምታፈርሱት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ማስመሪያ ያዙ። ጫፉን አይታችሁ ውፍረቱን ለኩ፣ ከመቆረጡ በፊት። ደረሰኙ ላይ «ፒፒአር፣ ፒኤን 20፣ 20 ሚሜ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

«ፒቪሲም ይሠራል» የሚላችሁ ሠራተኛ ካለ አትስሙት፤ ለሙቅ ውሃ አይሆንም። ከግድግዳ ውጭ ለሚዘረጋ መስመር ደግሞ በመሃሉ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ያለበትን ምረጡ። ተራው ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፤ 4 ሜትሩ በ40 ዲግሪ ጭማሪ 24 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጥና ይጎብጣል።

ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊትም መስመሩን በግፊት መፈተሻ ፓምፕ አስፈትሹ። ፈተናው ሲካሄድ እዚያው ቁሙ፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) መውረድ አለመውረዱን በዓይናችሁ ካያችሁ ማንም አያታልላችሁም።